የማፍረሻው ካርኒ ተቆርጧል፤ የሳንባውንስ ማን ይከፍላል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የሥልጣን ሽኩቻ አይደለም፤ የፓርቲ ወሬም አይደለም። የአቧራ ጉዳይ ነው። «አቧራ ደሞ ምን ይጻፍለታል?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደናንተው ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ረገብ ባለበት ሰሞን ለዘመድ ተዝካር ወደ ምዕራብ ጎጃም ብቅ ብዬ ነበር። ከደንበጫ ፍኖተ ሰላም፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ በሚያደርሰው አስፋልት ዳር ካሉት ከተሞች በአንዷ (የቷ እንደሆነች አልናገርም፤ የሁሉም ጉድ አንድ ነውና) አንድ ግቢ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ደረስኩ። ጣሪያው የለመድነው ቆርቆሮ አይደለም። ግራጫ ነው፣ ወፈር ያለ ነው፣ እንደ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ተደርጎ የተሠራ፣ ሲመቱት ግን እንደ ሸክላ የሚሰበር ነገር ነው። ሁለት ጎረምሶች ላዩ ላይ ወጥተው በመዶሻ ያደቁታል። ነጭ ብናኝ ይጨሳል። ከሥር ያሉት ልጆች ስባሪውን በባሬላ እየጫኑ ያወጣሉ። አንዱ ብቻ አፍና አፍንጫውን በፎጣ አስሯል።

ጠጋ ብዬ «ይኼ ጣሪያ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አልኩት አንዱን።

«ኧረ ምን አውቃለሁ ጋሼ! ሽማግሌዎቹ ኤተርኒት ነው ይላሉ። ብቻ ገላን ያሳክካል።»

«አሠሪያችሁ የአፍ መሸፈኛ አልሰጣችሁም?»

ሳቀብኝ። «ምሳ ያልሰጠን ሰውዬ መሸፈኛ ይሰጠናል ብለህ ነው?»

ልጁ ከገጠር የመጣ ነው፤ አጨዳው አልቆ ለበዓል ልብስና ለማዳበሪያ ዕዳ የሚሆን ሳንቲም ፍለጋ። ከበሩ ውጪ ደግሞ ሌላ ገበያ ደርቷል። የተነቀለው በርና መስኮት ተቆልሏል። አረንጓዴ የዘይት ቀለም ሦስት አራት ጊዜ የተደራረበበት፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚረግፍ አሮጌ እንጨት ነው። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሁለት እናቶች ቆመው ዋጋ ይከራከራሉ። ደረቅ እንጨት ነዋ! ለምጣድ እንዲህ ያለ እንጨት ከየት ይገኛል?

እኔም ሥራዬ ሆኖ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበሉኝ ኃላፊ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ።

«ያ ቤት ሲፈርስ ፈቃድ አለው ወይ?»

«እንዴታ! ካርኒው ተቆርጧል፣ ፋይሉ ይኸውልህ!»

«ጣሪያው አስቤስቶስ እንዳይሆን አስመርምራችኋል?»

«ምን ቤስቶስ?»

አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና «ወንድሜ፣ እኛ የምናየው ወሰኑን፣ ግብሩንና የጎረቤት ግድግዳ አለመነካቱን ነው። ጣሪያው ምንም ይሁን ምን መፍረሱ አይቀርም!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው! ሰውየውን አልከሳቸውም። በያዙት ቅጽ ላይ ያልተጻፈ ነገር ከየት ያምጡ? የኔ ጠብ ከቅጹ ጋር ነው። ቅጹን ካወጡት ጋር ነው።

የዚያ ቤት ጣሪያ አስቤስቶስ ይሁን አይሁን በላቦራቶሪ እንጂ በዓይን አይረጋገጥም። ክሴም ይኸው ነው፤ ሳይመረመር ደቀቀ! በሬ እንኳ ሲታረድ ሥጋው ተመርምሮ ማኅተም ይመታበታል። ሰው የሚተነፍሰው ሲሆን ጊዜ መርማሪ ይጠፋል?

ለመሆኑ አስቤስቶስ ምንድን ነው? ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ነው። ድንጋይ ሆኖ ሳለ እንደ ጥጥ ይባዘታል፣ እንደ ክር ይፈተላል፤ እሳትም አይበላውም። እ.ኤ.አ. በ1901 ሉድቪግ ሃትሼክ የተባለ ኦስትሪያዊ ከሲሚንቶ ጋር አዋህዶ ቀጭን ጠፍጣፋ የሚሠራበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበና ዕቃውን «ኤተርኒት» አለው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ዘላለማዊ» ማለት ነው። ጣሪያ፣ የውኃ ቱቦ፣ የጭስ መውጫ፣ ታንከር እየሆነ ዓለምን አዳረሰ። ዘላለማዊነቱስ አልቀረም፤ ጣሪያ ላይ ሳይሆን ሳንባ ውስጥ ሆነ እንጂ!

ሲሰበር፣ ሲቆረጥ፣ ሲፈገፈግ ዓይን የማያያቸው ስለታም ጭረቶች አየር ላይ ይበትናል። ከተሳቡ ሳንባ ውስጥ ይሰካሉ፤ አይሟሙም፣ አይወጡም። በሽታው የሚመጣው በማግሥቱ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከሃያ እስከ አርባ ዓመት ቆይቶ ነው። ሳንባ እንደ ቆዳ ይደርቃል፤ የሳንባ ካንሰር ይመጣል፤ የሳንባን ሽፋን የሚይዝ፣ መድኃኒቱ የጠፋ ሌላ ካንሰርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሥራ ቦታ በተነፈሱት አስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ይሞታሉ። የትኛውም ዓይነቱ ቢሆን ካንሰር አምጪ ነው።

አዲስ ወሬ እንዳይመስላችሁ! እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ ኔሊ ከርሾ የምትባል የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኛ በ33 ዓመቷ ሞተች። ሐኪሙ ሳንባዋን መርምሮ ምክንያቱን በሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈው። ፋብሪካዋ ግን ካሳ አልከፈለም። ይኸው መቶ ዓመት አለፈ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አገደው። ራሷ ማዕድኑን ስትቆፍር የኖረችው ደቡብ አፍሪካ እንኳ በ2008 ከለከለች። እኛ ግን ዛሬም «ምን ቤስቶስ?» ላይ ነን።

ወደ ቀለሙ ልመለስ። እርሳስ ስል የተማሪውን እርሳስ ማለቴ አይደለም፤ ብረቱን ነው። ጎጃሜ እርሳስን የሚያውቀው በጥይትነቱ ነው። ጥይት ሆኖ ሲመጣ እንሸሸዋለን፤ ቀለም ሆኖ ሲመጣ ግን የልጆቻችን መኝታ ላይ እንለቀልቀዋለን! ቀለም ሠሪዎች ቀለሙ እንዲደምቅና ቶሎ እንዲደርቅ ሲሉ በዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሲጨምሩ ኖረዋል። ይበልጡን የሚጠረጠሩት ቢጫው፣ ብርቱካናማውና ቀዩ ናቸው፤ በእርሳስ ከተሠራ ቢጫ ጋር ሰማያዊ ተቀይጦ የሚወጣው አረንጓዴም አብሮ ይጠረጠራል። እስቲ የጎጃምን ከተሞች በሮች በዓይነ ኅሊናችሁ ቃኙ! አረንጓዴ ያልሆነው ስንቱ ነው?

ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ያለ ቀለም ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰው የሚጎዳው ሲረግፍ፣ በሻካራ ወረቀት በደረቁ ሲፋቅና ሲቃጠል ነው። ቀለም ቀቢው ይፍቃል፣ አቧራው እጁ ላይ ያርፋል፣ በዚያው እጁ ዳቦ ይቆርሳል። ማታ ቱታውን እንደለበሰ ልጁን ያቅፋል። ሕፃን ደግሞ ይድሃል፣ እጁን ይጠባል። የሕፃን ሰውነት ወደ ሆዱ ከገባው እርሳስ አዋቂ ከሚወስደው አራት አምስት እጥፍ ይወስዳል። የሚመታው አንጎሉን ነው። ትምህርት አይገባውም፣ ይቁነጠነጣል፣ ደም ያንሰዋል። እኛም «ይኼ ልጅ ደደብ ነው» ብለን ኩርኩም እንጨምርለታለን! ነፍሰ ጡሯ ከተነፈሰችው ጽንሱን ያገኘዋል። የገባው እርሳስ አጥንት ውስጥ ተከማችቶ ለዓመታት ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም» የሚባል መጠን የለውም ብሏል።

እነዚያ ሁለት እናቶች ትዝ አሏችሁ? ያንን አረንጓዴ በር ፈልጠው ምጣድ ሥር ይማግዱታል። እርሳስ በእሳት አይጠፋም፤ ከጭሱ ጋር ይወጣል፣ ከአመዱ ጋር ይቀራል። እሳቱን የምታርገበግበው እናት ጀርባ ላይ ሕፃን ታዝሏል። አመዱም ጓሮ ጎመኑ ላይ ይበተናል። ይኼን ስነግራቸው አንደኛዋ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ልጄ፣ ጭስ መቼ ቀርቶብን ያውቃል?» አፌን ዘጉኝ።

«ሕግ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሕግማ ሞልቷል! እ.ኤ.አ. በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በዘጠኝ አገሮች ገበያ የሚሸጡ የዘይት ቀለሞችን ሲያስመረምር አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ከእኛ ገበያ ከተገዙት አብዛኞቹ ከሚገባው በላይ እርሳስ ተገኘባቸው። ከዚያ በኋላ በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 ወጣና በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወሰነ። በሌላ አነጋገር በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ90 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ማለት ነው። እሰየው! ግን ደንቡ የሚጠብቀን ከአዲሱ ጣሳ ነው። ከዚያ በፊት ሃምሳ ስልሳ ዓመት ሙሉ የተቀባውን ግድግዳ፣ በር፣ የተማሪ ዴስክ ማን ይጠብቀን? በዚያው ዓመት የአደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 ወጣ። አገራችን የተቀበለችው የባዝል ስምምነትም አስቤስቶስንና እርሳስን በአደገኛ ቆሻሻነት ይዘረዝራል። ታዲያ ያ ግራጫ ስባሪ በባሬላ ተግዞ ወንዝ ዳር ሲደፋ አዋጁ የት ነበር? መሳቢያ ውስጥ!

የሕንፃ አዋጁም ነበር፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 624። ሕንፃ ለመሥራትም፣ ለመለወጥም፣ ለማፍረስም ፈቃድ ያስፈልጋል አለ። ሥራው የሰው ደኅንነት እንዳይነካ ተጠንቀቁ አለ። ሕንፃዎችንም ሀ፣ ለ፣ ሐ ብሎ መደባቸው፤ ባለ አንድ ፎቁን መኖሪያ እዚህ፣ የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጠውንና ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን እዚያ። አነበብኩት፤ አስቤስቶስን ወይም የእርሳስ ቀለምን በስሙ ጠርቶ «ከመፍረሱ በፊት ይመርመር» የሚል አንቀጽ አላገኘሁበትም። ሕንፃውን በቁመቱ ለካው፤ በሆዱ በያዘው መርዝ ግን አልለካውም! ያወጣጡም መነሻው 10 ሺህና ከዚያ በላይ ሕዝብ ያለባቸው ከተሞች ነበሩ። ገጠር ውስጥ የድሮውን ቢሮ አፍርሶ ጣሪያውን በአህያ ጭኖ የዶሮ ቤት የሚሠራበትን ገበሬ ማን ያየዋል? አዋጁን ቢያሻሽሉትም፣ በሌላ ቢተኩትም ጥያቄዬ አይቀየርም፤ አንዲት መስመር ጨምሩ ነው የምለው።

ነገሩ አጣዳፊ የሆነው ደግሞ አገሩ በሙሉ ፈረሳ ላይ ስለሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ስም ፒያሳ ላይ ዕድሜ ጠገብ ቤቶች በዶዘር ሲናዱ ሁላችንም አይተናል። ልማቱ ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ክልል ከተሞች ተሸጋግሯል። መዲናይቱ ውስጥ ሕንፃዎች በግራጫ ቀለም እንዲቀቡ ሲባልም ሰምተናል። እኮ! አዲሱ ቀለም ምን ዓይነት ይሁን ብሎ የተጨነቀ መንግሥት፣ የሚፋቀው አሮጌ ቀለም የት ይግባ ብሎ ተጨንቋል? ቡሬም በአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳ ስም ልትሰፋ፣ አሮጌው ለአዲሱ ቦታ ሊለቅ ነው። ጦርነቱም የራሱን ያፈርሳል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በወረደው የአየር ጥቃት የረገፈው ነፍስ አይረሳም። ከእንዲህ ያለ መዓት በኋላ ፍርስራሹን በባዶ እጁ የሚጠርገው የሞተው ሰው ጎረቤት ነው። ነገ ሰላም ሲወርድ፣ ይውረድልንና፣ መልሶ ግንባታው ሲጀመር ያንን ሁሉ አቧራ የሚውጠው ማን ይመስላችኋል? ያው የገበሬው ልጅ ነው።

«እኛ ድሃ አገር ነን፤ ይኼ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚል ባለሥልጣን እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቅንጦት? ውኃ ቅንጦት ነው? የሚፋቀውን ቀለም በውኃ አርሶ መፋቅ ምን ያስወጣል? ወለሉ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ፣ በደረቅ መጥረጊያ ከማጨስ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ ምሳ ከመብላት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የሥራ ልብስን ቤት አለማስገባት ስንት ብር ነው? የሚጠረጠረውን ጣሪያ በመዶሻ ከማድቀቅ ይልቅ ውኃ ረጭቶ፣ ምስማሩን ነቅሎ፣ ሙሉውን አውርዶ፣ በላስቲክ ደርቦ ጠቅልሎ ምልክት በተደረገበት ጉድጓድ መቅበር የዶዘር ነዳጅ ያህል እንኳ አያስወጣም! ፎጣ የአስቤስቶስን ብናኝ አያግደውም። ደኅና መሸፈኛ ግን አለ፤ ለኮሮና ጊዜ የተገዛው ዓይነት ወፍራሙ፣ ፊት ላይ ጥብቅ የሚለው ከተራው ጨርቅ በብዙ ይሻላል። ኮሮና ሲመጣ ተገኝቶ አልነበረም እንዴ?

ሌላው ደግሞ «ሕዝብ አታሸብር» ይለኛል። አላሸብርም። ቤቱ ኤተርኒት ጣሪያ ያለው ሰው ሌሊቱን ዘሎ ይውጣ አላልኩም። ያልተሰበረ፣ ያልተበሳ፣ ያልተፋቀ ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው፤ አይንኩት። የሚገድለው መንካቱ ነው፤ የባሰው ደግሞ ሳያውቁ መንካቱ ነው። የሚያሸብረው እውነቱን የሚናገረው ሳይሆን እውነቱን የሚደብቀው ነው!

ስለዚህ የምጠይቀው ይኼን ነው። አንደኛ፣ የማፍረሻና የማደሻ ፈቃድ ቅጽ ላይ «አስቤስቶስ ወይም የእርሳስ ቀለም መኖሩ ተመርምሯል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ ይግባ። ያለ መልሱ ካርኒ አይቆረጥ። ሁለተኛ፣ መንግሥት ከራሱ ይጀምር፤ የድሮ ትምህርት ቤቶቹን፣ ጤና ጣቢያዎቹንና ቢሮዎቹን ይመዝግብ። ናሙና ወስዶ ወደሚመረምር ላቦራቶሪ መላክ ከአንድ ስብሰባ አበል አይበልጥም። ሦስተኛ፣ የሚያስፈርሰው ባለቤትና ኮንትራክተር ለቀን ሠራተኛው መሸፈኛ፣ ውኃና ሳሙና ካላቀረቡ ሥራው ይታገድ። አራተኛ፣ ቀለም የተቀባ እንጨት ለማገዶ አይሸጥ፤ ለእናቶቹ ግን «አትግዙ» ብሎ መቅጣት ሳይሆን ሌላ ማገዶ የሚያገኙበትን መንገድ ማሳየት ይቅደም። አምስተኛ፣ እያንዳንዱ ከተማ ለእንዲህ ዓይነቱ ቆሻሻ ከወንዝና ከግጦሽ የራቀ፣ የታጠረ ቦታ ይለይ።

ይኼ ሁሉ ዶላር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰውን እንደ ሰው መቁጠር ነው። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ችግሩ!

ከዚያች ከተማ ስወጣ ያንን ልጅ ደግሜ አየሁት። ቀኑን ሙሉ የሠራበትን ተቀብሎ ሻይ ቤት በር ላይ ተቀምጧል። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኗል። «ሸበትክ እኮ!» አልኩት። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ዛሬ አረጀሁ!» ብሎ ሳቀ። ዕድሜው ከሃያ አይበልጥም። እንግዲህ ሃያ፣ ሠላሳ ዓመት ጨምሩበት። ያን ጊዜ ማሳል ይጀምራል። ቤተሰቡ «ብርድ መታው» ይላል፣ ጠበል ይወስደዋል፣ በሬውን ሸጦ ያሳክመዋል። ያን ቤት ያስፈረሰው ሹም ጡረታ ወጥቷል፣ ኮንትራክተሩ ስሙን ቀይሯል፣ ፋይሉን አይጥ በልቶታል። ከሳሽም ተከሳሽም የለም። ያ ጎረምሳ በምን እንደሞተ ሳያውቅ ይሞታል።

የቤቱ ማፍረሻ ካርኒ ተቆርጧል። ፋይሉም አለ ተብያለሁ። የልጁስ ካርኒ በማን ስም ይቆረጥ? የሚመለከተው ካለ ይመልስልኝ።

ቸር ያሰንብተን!